ገመድ ላይ ያደረው ቀይ ሻል

አክስቴን ዶሊናን ከገሃነም እሳት ያዳንኳት የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው። ለዚህ ውለታዬ ማንም ሰው አለማመስገኑ ለብዙ ዓመታት ሲከነክነኝ ኖሯል። ኋላ ነገሩ ሲገባኝ ግን፣ ሴትየዋ ከእኔ እጅ መትረፏ ራሱ ተአምር እንደነበረ ተረዳሁ።

ቤታችን ሉዊስ ደሴት ላይ፣ ከመንደሩ መጨረሻ፣ ከባሕሩ ዳር ብቻውን የቆመ ነበር። ከሰላጤው ማዶ ቤተክርስቲያኑና የቄሱ ቤት ይታያሉ፤ በመካከላችን ያለው ውሃ ብቻ ነው። አባቴ መርከበኛ ነበር፤ እናቴ ግላስጎ ውስጥ ነርስ ነበረች፤ እኔን ያሳደጉኝ አያቴ ቶርሞድና የእናቴ ታላቅ እህት ዶሊና ናቸው። አያቴ በዕድሜ ብዛት መረቡን የሰቀለ ዓሣ አጥማጅ ነበር። ማብሰል የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በጨው ተዘፍዝፎ የከረመ ሄሪንግ ዓሣ ከቅቅል ድንች ጋር። ዶሊና አንድ ጊዜ ለሁለት ቀን ታማ ተኝታ ስድስት ጊዜ እሱኑ በልተናል። እንግዲህ «ዶሊና ልትሄድ ነው» የሚል ወሬ ለእኔ ምን ማለት እንደነበረ ይህን አስባችሁ ፍረዱ።

እሑድ ቀን በእኛ ዘንድ እንዲህ በዋዛ የሚታይ ነገር አልነበረም። ድንቹ የሚላጠው ቅዳሜ ነው፣ ውሃው የሚቀዳው ቅዳሜ ነው፣ ጫማው የሚወለወለው ቅዳሜ ነው። የትምህርት ቤቱ ዥዋዥዌ ቅዳሜ በሰንሰለት ታስሮ ሰኞ ይፈታል። ማፏጨት የለም፣ መሮጥ የለም፣ ከአንድ መጽሐፍ በቀር ማንበብ የለም። አያቴ ቅዳሜ ሲመሽ አውራ ዶሮውን ትልቅ ቅርጫት ይደፋበትና ሰኞ ጠዋት ያነሳለታል። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው፣ እሱም ይረፍ ዶሮዎቹም ይረፉ አለኝ። ጉሮሮውን እንዲያሳርፍ መስሎኝ ነበር። የገባኝ ካገባሁ በኋላ ነው።

ከሁሉ የከፋው ግን ልብስ ነበር። እሑድ ቀን የልብስ ማስጫ ገመድ ላይ አንዲት ካልሲ ብትገኝ ቤተሰቡ ለሦስት ትውልድ ይወራበታል። ጎረቤታችን እትዬ ሙርዲና ደግሞ የምታወራው ታሪክ ነበራት። የአክስቷ ልጅ አና እሑድ ቀን ሹራብ ስትሠራ በመስኮት ታየች፤ ከቄስ ደብዳቤ ደረሳት፤ ከጌታ እራት ታገደች፤ በመርከብ ወደ ካናዳ ሄደች። እትዬ ሙርዲና ይህን ስትተርክ በመሃል ትንፋሽ ስለማትወስድ፣ ደብዳቤና መርከብ አንዱ ሌላውን ተከትሎ የሚመጣ ቅጣት ነው ብዬ ያዝኩ። አና ካናዳ የሄደችው አንድ አናጢ አግብታ እንደሆነና በደብዳቤውና በመርከቡ መካከል አሥራ አንድ ዓመት እንዳለ የሰማሁት ከጎለመስኩ በኋላ ነው።

በዚያ ዓመት፣ ጥቅምት ላይ፣ ለዶሊና ከቄስ ማክሪቺ ደብዳቤ መጣላት።

ቄስ ማክሪቺ ረጅም፣ ቀጭን፣ ጆሮ ሰፊ ሰው ነበሩ፤ ዕድሜያቸው አርባ ቢሆን ነው። ስለ ገሃነም ሲሰብኩ በቅርቡ ደርሰው የመጡ ነው የሚመስሉት። ቤታችን ሲመጡ ከአያቴ ጋር ስለ ዓሣ፣ ከእኔ ጋር ስለ ትምህርት ይጫወታሉ፤ ዶሊናን ግን አንዲት ቃል አይናገሯትም። ሻይ ስትሰጣቸው ማንቆርቆሪያውን እያዩ ያመሰግናሉ። ጠምደዋታል ብዬ ነበር የማምነው። በእኛ ቤተክርስቲያን ቄስ ከተሾመም በኋላ ማግባት እንደሚችል ያኔ የነገረኝ አልነበረም፤ ቄስ እንደ ደወሉና እንደ አግዳሚው ከቤተክርስቲያኑ ጋር አብሮ የሚሠራ ነገር ይመስለኝ ነበር።

ዶሊና ደብዳቤውን ቆማ አነበበችው፤ ተቀምጣ ደገመችው፤ ወደ ላሟ ሄዳ እዚያም እንዳነበበችው አውቃለሁ፣ በበሩ ስንጥቅ አይቻታለሁ። ከዚያ በኋላ ለሦስት ሳምንት ከሽርጧ ኪስ አልወጣም። እሑድ እሑድ ላም ስታልብ ለስለስ አድርጋ ዘፈን እንደምታንጎራጉር ስለማውቅ፣ ይኸው ደረሱባት አልኩ። በእነዚያ ሦስት ሳምንታት ደግሞ ነፋሱ አንድ ቀን እንኳ አላረፈም። ዝናቡ ከላይ ሳይሆን ከጎን ይመጣ ነበር። የቄሱ ቤት ይቅርና የራሳችን አጥር አይታይም። ዶሊና በየቀኑ በመስኮት ወደ ሰላጤው ታያለች፤ ታያለችና ታቃስታለች።

ቅዳሜ ዕለት ወደ አመሻሹ ላይ እኔ ከበር ጀርባ ጫማ ስወለውል አያቴ ከውጭ ገባ። ነፋሱ ሊበርድ እንደሆነ፣ ነገ ባሕሩ ዘይት እንደሚመስል ተናገረ። ዶሊና የያዘችውን ድንች ጣለችው።

«ነገ እኮ እሑድ ነው» አለች።

«ባሕሩ ቀን አይቆጥርም።»

«እሳቸው ግን መቁጠር ነበረባቸው። የመጀመሪያው ፀጥ ያለ ቀን ብለው ሲጽፉ፣ ቄስ ሆነው፣ እሑድ የሚባል ቀን መኖሩን ይረሳሉ?»

አያቴ የሳቀ መሰለኝ፤ አስሎትም ሊሆን ይችላል። ሰኞ አድርጊው አላት። እሷም ሰኞ ጠዋት መርከቡ እንደሚሄድ፣ መልሱ ከመርከቡ በፊት መታወቅ እንዳለበት፣ አለዚያ ነገሩ እዚያው እንደሚያበቃ ነገረችው። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣

«ደሞ እኔን የምታሳስበኝ ልጅቷ ናት፣ አባዬ» አለች።

«ልጅቷን ለእኔ ተያት።»

ጫማው ከእጄ ሊወድቅ ምንም አልቀረውም። መርከብ አሉ፣ መልስ አሉ፣ ልጅቷን ለእኔ ተያት አሉ። ዶሊና ወደ ካናዳ ልትባረር ነው፤ እኔ ደግሞ ለዕድሜ ልክ ሄሪንግ ተፈርዶብኛል። ዶሊና ከዚህ በላይ ምንም እንዳታጠፋ ዓይኔን ከእሷ ላልነቅል ለራሴ ቃል ገባሁ። ይሁን እንጂ ቃል በገባሁ በአንድ ሰዓት ውስጥ እንቅልፍ ወሰደኝ።

በማግስቱ የቀሰቀሰኝ ዝምታው ነው። ሦስት ሳምንት ጆሮዬ ላይ ሲጮህ የነበረው ነገር ድንገት ቀጥ ሲል ደነገጥኩና በሌሊት ልብሴ ላይ ካፖርቴን ጣል አድርጌ ወደ ጓሮ ወጣሁ።

እንደዚያ ያለ ጠዋት ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም፤ ከዚያ ወዲህም ያየሁት ጥቂት ጊዜ ነው። ባሕሩ ቁጭ ብሏል። ማዶ ያለው ኮረብታ ከነቡናማ ሣሩ፣ ከነበጎቹ፣ በውሃው ውስጥ ተዘቅዝቆ ቆሟል፤ የትኛው ኮረብታ የትኛው ውሃ እንደሆነ የሚያስታውቀው በመሃል ያለችው ቀጭን የአለት መስመር ብቻ ናት። የቤቶቹ ጭስ እንደ ክር ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይወጣል። አንዲት አቆስጣ ጭንቅላቷን ከውሃው ብቅ አድርጋ ስትተነፍስ እስትንፋሷ ጓሯችን ድረስ ተሰማኝ። ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ሁሉን ነገር ማር ቀብታዋለች። ደስ አለኝ፤ ያለ ምክንያት ደስ አለኝ።

ዞር ስል ገመዱ ላይ የዶሊና ቀይ ሻል ተሰጥቷል።

ክንብንብ የሚያህል ትልቅ ሻል ነው፣ በቤት የተነከረ፣ ቅላቱ ዓይን የሚወጋ። በአራት ማያያዣ ተወጥሮ ወደ ሰላጤው ዞሯል። ነፋስ ስለሌለ ንቅንቅ አይልም። በሦስት ሳምንት የመጀመሪያው ውብ ቀን ነው፤ በመሃሉ የአክስቴ ኃጢአት ተሰቅሏል። በሰላጤው ዙሪያ ካለው ሁሉ ነገር ቀይ እሱ ብቻ ነበር።

ላወርደው እጄን ዘረጋሁና ቆምኩ። እሑድ ቀን ልብስ ማውረድም ሥራ ነው። ብተወው ዶሊና ትጠፋለች፤ ባወርደው እኔ እጠፋለሁ። ከብት እንዲጎትተው ባደርግስ ብዬ አሰብኩ፤ ግን ትእዛዙ ከብትንም ከሥራ ይከለክላል። በቃሌ ስለማውቀው በጣቴ ቆጠርኩት፦ ራስህ፣ ወንድ ልጅ፣ ሴት ልጅ፣ ሎሌ፣ ገረድ፣ ከብት፣ በቤት ያለ እንግዳ። ሁለት ጊዜ ቆጠርኩ። የእህት ልጅ የሚል የለም። እኔ የዶሊና ልጅ አይደለሁም፣ ገረዷም አይደለሁም፣ እንግዳም አይደለሁም። የእህቷ ልጅ ነኝ። ሙሴ እኔን ረስቶኛል!

ማያያዣዎቹን ነቅዬ ሻሉን አወረድኩት። ቅዳሜ ማታ በነበረው ካፊያና በጤዛው ርሶ ከብዷል። እሑድ ቀን የማያስጠረጥር መደበቂያ ሲጠፋኝ ወገቤ ላይ ሦስት ዙር ጠመጠምኩትና ካፖርቴን ከላይ ደረብኩበት። ይህን አድርጌ ገና ቀና ስል ማዶ የቄሱ በር ተከፈተ። ቄስ ማክሪቺ ወጡ፤ የሩቅ ማያ መነጽር ዓይናቸው ላይ አድርገው በቀጥታ ወደ ቤታችን አዩ። ረጅም ጊዜ አዩ። ዝቅ አድርገው መስታወቱን በመሐረብ ጠረጉት፤ እንደገና አዩ። ከአጥሩ ሥር ተጎንብሼ፣ «ቀደምኩዎት» አልኳቸው በሹክሹክታ። ያ መሐረብ ዛሬ ትዝ ሲለኝ አንጀቴን ይበላዋል።

ከቁርስ በኋላ እትዬ ሙርዲና መጣችና አራታችን ለቤተክርስቲያን ተነሳን። ዶሊና ከበሩ ስትወጣ ወደ ጓሮ መልከት አለች። ገመዱ ባዶ ነው። አያቴ፣ ሻሉ ከታየ በኋላ፣ ከሐሜት ሊያድናት ብሎ ያወረደው መስሏት በዓይኗ አመሰገነችው። አያቴ በምን እንደተመሰገነ ሳይገባው ራሱን ነቀነቀላት። ይህን ሁሉ የነገሩኝ ከዓመታት በኋላ ነው፤ ያኔ ያየሁት ዶሊና ቀይ ሆና፣ ፈክታ፣ ሰላጤውን ዙረን ስንሄድ እግሯ መሬት ሳይነካ ስትራመድ ብቻ ነው። ከኃጢአት የነጻች ነፍስ እንዲህ ትቀልላለች ማለት ነው አልኩ። እትዬ ሙርዲና እንዲህ ያለ ቆንጆ ቀን እሑድ ላይ መዋሉ ፈተና መሆኑን፣ ባሕሩን አብዝቶ ማየትም ደግ እንዳልሆነ እየነገረችን፣ እሷ ራሷ ከባሕሩ ዓይኗን አልነቀለችም። የልጇ ጀልባ መሃል ላይ ቆማ የገዛ ጥላዋ ላይ ተቀምጣ ነበር። የእኔ ሆድ ግን በረጠበው ሻል ቀዝቅዟል።

ቄስ ማክሪቺ መድረኩ ላይ ሲወጡ ፊታቸው የሻማ ሰም መስሏል። ወደ እኛ አግዳሚ አንድ ጊዜ አዩ፤ ከዚያ ዳግመኛ አላዩም። የሰበኩት ስለ ዮናስ ነበር፤ ምን ዋጋ አለው፣ ሐሳባቸው አብሯቸው የለም። ዮናስን ዓሣው ሁለት ጊዜ ዋጠው፤ አንድ ጊዜም አልተፋውም። ሴቶቹ በየመሃሉ የሚያድሉት ሚንት ከረሜላ እስኪያልቅ ድረስ ዮናስ እዚያው ውስጥ ነበር። ቄሱን ያናደዳቸው ማስረጃው ከእጃቸው መውጣቱ ነው ብዬ ኩራት ተሰማኝ። በመጨረሻም መጽሐፉን ዘግተው ወለሉን እያዩ፣

«ከጸሎቱ በኋላ ለምእመናን የማሳውቀው አንድ የስንብት ጉዳይ አለ» አሉ።

ዶሊና እጄን ይዛ ነበር። ድንገት ለቀቀችውና ወደ አያቴ ዞረች። የመርከቡን ነገር በአደባባይ ሊናገሩት ነው አልኩ፤ ሻሉን ባያዩም ፈርደውባታል። ዛሬ እንደምናውቀው፣ ዋናው ምድር ላይ ያለ አንድ ትልቅ ቤተክርስቲያን ቄሱን ጠርቷቸው ነበር። ዶሊና ልታገባቸው እሺ ካለች ሊቀሩ፣ እንቢ ካለች በሰኞው መርከብ ሊሄዱ ወስነው ነው የጻፉላት፤ ፊት ለፊት መጠየቅ ቢያቅታቸው፣ እሺ ካልሽ ሰላጤው በጠራበት በመጀመሪያው ፀጥ ያለ ቀን ቀዩን ሻልሽን ገመድ ላይ ስጪው ብለዋት ነበር። እሷም እሑድን ላለመሻር ቅዳሜ ጀምበር ሳትጠልቅ በካፊያ ውስጥ ወጥታ ሰጣችው።

ለጸሎት ቆምን። ቤቱ በሰው ትንፋሽ ሞቋል፤ ሻሉ ደግሞ ውሃውን መልቀቅ ጀምሯል። ነጭ ካልሲዬ ላይ አንድ ነገር ሲወርድ ይሰማኛል። እትዬ ሙርዲና ስትጸልይ ሌሎቹ ምን እንደሚያደርጉ ለመቆጣጠር አንድ ዓይኗን ትከፍታለች። ያ ዓይኗ ወደ እግሬ ወረደ።

«ዶሊና! ልጅቷ ደም በደም ሆናለች!»

ጸሎቱ ቆመ። ዶሊና ተንደርድራ ካፖርቴን ገለጠችው፤ ሻሉም እየተፈታ፣ ቀይ ውሃ እያንጠባጠበ፣ መተላለፊያው ላይ ተዘረጋ። ከዚህ በኋላ የሚደበቅ ነገር እንደሌለ ገባኝና አግዳሚው ላይ ወጣሁ።

«አክስቴን አትንኳት!» አልኩ። «ጠዋት ገመድ ላይ አግኝቼ ያወረድኩት እኔ ነኝ። ቄሱ ሳያዩት ነው ያወረድኩት። ካናዳ አትስደዷት፣ እኔን ስደዱኝ!»

ቄስ ማክሪቺ የመድረኩን ጠርዝ በሁለት እጃቸው ያዙ።

«ጠዋት ገመድ ላይ ነበር?»

«አዎ።»

«ይሄው ቀዩ ሻል?»

«አዎ። በአራት ማያያዣ።»

በእያንዳንዱ መልሴ የዶሊናን መቃብር የምቆፍር መስሎኝ እንባዬ መጣ። የቄሱ ጆሮዎች ግን ከጫፋቸው መቅላት ጀመሩ፤ ከዚያ አንገታቸው፣ ከዚያ ፊታቸው በሙሉ ሻሉን መሰለ። ከአፋቸው አንድ ድምፅ አመለጠ፤ ወዲያው ወደ ሳል ቀየሩት። ወደ ገሃነም ሊገባ በተዘጋጀ ልጅ ላይ የሚስቅ ቄስ ምን ዓይነት ጨካኝ ነው ብዬ ተቀየምኳቸው።

«ላሳውቀው የነበረው ጉዳይ» አሉ፣ «ቀርቷል። እንዘምር።»

መዝሙሩን የሚያስጀምረው ሰውዬ በድንጋጤ ከፍ አድርጎ ስለጀመረው ማንም ሊደርስበት አልቻለም፤ አንድ ሰው ብቻ ደረሰበት። ዶሊና፣ ራሷን ቀና አድርጋ፣ እስከ መጨረሻው ዘመረችው።

ውጭ ስንወጣ እትዬ ሙርዲና መንገድ ዘግታ ቆማ ነበር። በእሑድ ልብስ ማስጣት በደሴቱ ታሪክ ተሰምቶ እንደማይታወቅ ለሰው ሁሉ ታስረዳለች። አያቴ ባርኔጣውን አስተካከለ።

«የተሰጣው ቅዳሜ ነው፣ ሙርዲና። እሑድ ያደረው ብቻ ነው። የልጅሽስ ጀልባ ውሃ ላይ አላደረችም? ልጅሽ እሑድ ሲቀዝፍ አደረ ልበል?»

ሰው ሁሉ ወደ ጀልባዋ ዞረ። ጀልባዋ ፀጥ ብላ ቆማለች። እትዬ ሙርዲና ግን በቀላሉ የምትረታ ሴት አይደለችም። ማደሩስ ይሁን፣ ልጅቷ ማውረዷስ አለች። እኔም በጣቶቼ እየቆጠርኩ፣ ራስህ፣ ወንድ ልጅ፣ ሴት ልጅ ብዬ እስከ እንግዳ ዘለቅሁና የእህት ልጅ አለመኖሯን አስረዳሁ። ቄስ ማክሪቺ ከኋላችን ደርሰው ሲያዳምጡ ኖሯል።

«ልጅቷ ልክ ናት» አሉ፣ በዚያ የገሃነም ድምፃቸው። «የእህት ልጅ አልተጠቀሰችም።»

ስንመለስ ዶሊና መንገዱ ሲጋመስ፣ ከባሕሩ ዳር አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና ሽርጧን ባታደርግም እንደ ሽርጥ ቀሚሷን ፊቷ ላይ ይዛ መሳቅ ጀመረች። እያለቀሰችም ነበር። ተከትለውን የመጡት ቄስ ሦስት እርምጃ ርቀው ቆሙ። ማንቆርቆሪያ ስላልነበረ ባሕሩን አዩ። ከዚያ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እሷን አዩ። እንዳታመልጥ የሚጠብቋት መስሎኝ አልሄድም አልኩ፤ አያቴ ግን እጄን ያዘኝ።

«ነይ እንሂድ» አለኝ። «ባሕሩን እነሱ ያዩልናል።»

ምሳ ሄሪንግ በላን።

በጥር ተጋቡ፤ እኔንም ከነካልሲዬ ወደ ማዶ ወሰዱኝ። ዶሊና ከዚያ በኋላ በየዓመቱ በመጀመሪያው ፀጥ ያለ የጥቅምት ቀን ሻሉን ታሰጣው ነበር፤ ቀኑ እሑድ ከዋለ እስከ ሰኞ ትታገሣለች፣ የቄስ ሚስት ናትና። ቅላቱ እየደበዘዘ ሄዶ መጨረሻ ላይ የሮዝ ቀለም ያዘ። ከአርባ ዓመት በላይ አብረው ኖሩ።

ባለፈው የካቲት ዶሊና ሞተች። ቄሱ በጡረታ ከቤተክርስቲያኑ አጠገብ ባለች ትንሽ ቤት ብቻቸውን ይኖራሉ፤ ሰማንያ ሰባት ዓመታቸው ነው፤ ከእሷ ቀብር በኋላ ሰው አያናግሩም፣ ከበራቸውም አይወጡም። እኔ ወደ አያቴ ቤት ተመልሻለሁ። በየቀኑ ሾርባ እወስድላቸዋለሁ፤ ማንቆርቆሪያውን እያዩ ያመሰግኑኛል።

በጥቅምት ለአሥር ቀን ሲነፍስ የከረመው ነፋስ አንድ ጠዋት ቀጥ አለ። ዝምታው ቀሰቀሰኝ። ጓሮ ስወጣ ኮረብታው ከነበጎቹ በውሃው ውስጥ ተዘቅዝቋል፣ ጭሱ ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ እንዳለ ያ ቀን ነው። ቀኑም እሑድ ነበር። ትእዛዙን በጣቴ አንድ ጊዜ ቆጠርኩት። ከዚያ ዶሊና የተወችልኝን ሻል ከሳጥን አውጥቼ በአራት ማያያዣ ወጥሬ ሰጣሁት።

ብዙ ቆሜ ጠበቅሁ። በመጨረሻ የማዶው በር ተከፈተ። በከዘራቸው ተደግፈው ወጡ፤ ያንን አሮጌ መነጽር ዓይናቸው ላይ አደረጉ። ረጅም ጊዜ አዩ። ዝቅ አድርገው መስታወቱን በመሐረብ ጠረጉት፤ እንደገና አዩ። ከዚያ ባርኔጣቸውን አንስተው ከራሳቸው በላይ ያዙት።

ሻሉ እዚያው ገመዱ ላይ አደረ።